ድራማውን ሳትጨርሱት አቁሙት

መጀመሪያ የሠራነው ድራማ በእርቅ ነበር ያለቀው። ሽማግሌዎች ገቡ፣ ጠበኞቹ ተሳሳሙ፣ ተጨበጨበ። ወንበሩ ሳይሰበሰብ በሩ ጋ ሁለት ሰዎች በዚያው ጉዳይ ተያይዘው አገኘናቸው፣ ያውም ከእኛ በተሻለ ትወና። ከዚያ ወዲህ እርቁን እኛ አንጽፍም።

አሳታፊ ቴአትር እንዲህ ነው፤ መጨረሻውን ተመልካቹ ይሞክረዋል። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ፔሩ ውስጥ ሲሠራ ተመልካች ሐሳብ ያቀርባል፣ ተዋናዮቹ ይሞክሩታል። አንዲት ሴት ግን ያለችውን በትክክል ስላልሠሩላት ተናደደች። እሱም ራሷ ወጥታ እንድታሳይ ጋበዛት። ወጣች፣ አሳየች።

እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ለምትኖሩ ታሪክ ፍለጋ አያደክምም። የውሃ ፈረቃም ይሆናል። እኔ ግን ይሄን እመርጣለሁ። አንድ አዛውንት የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ናቸው፤ ብሎኩ የቆመው ድሮ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው፤ የቀረቻቸውን አንዲት ላም ግቢው ሣር ላይ ያሰማራሉ። ነዋሪዋ ደግሞ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባ፣ ከልጆቿ ጉሮሮ እየቀነሰች ቆጥባ፣ ስንት ዓመት ጠብቃ ዕጣ የወጣላት ናት። «አባባ፣ ላሟን ያስወጡልኝ!» «የማን ግቢ ነው ልጄ?» በቃ፣ 10 ደቂቃ አይሞላም። እሷ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን ስታወጣ፣ እሳቸው ዱላቸውን ሲያነሱ፣ እዚያው ላይ ቀጥ አድርጉት።

ተዋናይ ከሰፈር ይበቃል። ልምምዱን በሐውልት ጨዋታ ጀምሩ፦ አንዱ ሌሎቹን ምንም ሳይናገር፣ በእጁ ብቻ እያስተካከለ «ጎረቤት» የሚል ሐውልት ይሠራባቸዋል። አፈ ጮሌው እዚህ ምንም አይጠቅመውም። ዝምተኞቹ ናቸው ጉድ የሚያሳዩት።

እሁድ ከሰዓት፣ የእድሩን ወንበር ተዋሱና አንዴ አሳዩ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። አሁን ተመልካች «አቁም!» ብሎ ወጥቶ አንዱን ተዋናይ መተካት ይችላል። ተዋናዮቹ ቶሎ አይሸነፉለት፣ ያስቸግሩት። በቦአል አካሄድ የሚተካው ተበዳዩ ነው፤ በዳዩን ተክቶ መልአክ ማድረግማ ለማንም ቀላል ነው። እዚህ ግን ተበዳዩ የቱ ነው? ሁለቱም። ስለዚህ ሁለቱንም መተካት እፈቅዳለሁ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ባለ ኮንዶሚኒየሙ አዛውንቱን፣ የገበሬ ልጅ ነዋሪዋን ሆኖ ነው የሚገባው። ይሄን ስታደርጉ ግቢው ጸጥ ይላል።

መድረኩን የሚመራው ሰው ጆከር ይባላል፤ እንደ ካርታው ጆከር ወገን የለውም። መፍትሔ አይሰጥም። አንዱ «አንድ ሀብታም መሬት ሰጣቸው» ብሎ ቢገላገል፣ ወደ ሰዉ ዞሮ «ይሄ እኛ ሰፈር ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚችል ሰው ፈልጉ፣ አለዚያ ግማሹ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል።

ጥንቃቄም አለ። በየካቲት 2011 የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ በመሬቱ ጉዳይ የተነሳውን ተቃውሞ ሰው አልረሳም። ወረዳውንና የእድር ዳኞችን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የሰፈሩን ሰው ስም አትጥሩ። ስልክ ኪስ ይግባ፤ ቲክቶክ ላይ እወጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው እውነቱን አይናገርም። ሲካረር ጆከሩ ያቁመው፣ ቡና ይቅረብ።

ሦስት አራት ሰው ከሞከረ በኋላ አንዱ «ግን ለእሳቸው ካሳ የከፈለው ማነው? ስንት?» ይላል። ያን ጊዜ መሐል ላይ ባዶ ወንበር አስቀምጡና መልስ ሰጪ ሆኖ ማን ይቀመጥ በሉ። እኛ ጋ ረጅም ሰዓት የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ሄዳ እግሯን አጣምራ ተቀመጠች። አዛውንቱና ነዋሪዋ ጎን ለጎን ሆነው ፊቷ ቆሙ። አፏን ስትከፍት መጀመሪያ የወጣው ቃል «ነገ ተመለሱ» ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ላሟ ያነሳ የለም።