ዎልአይ ለማጥመድ ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች ራቁ

ሚኒሶታ የምትኖሩ ሐበሾች ዎልአይን ሳታውቁት አትቀሩም። ከ1965 ጀምሮ የግዛቷ መለያ ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ለጉላሽም ለዱለትም ይመቻል። ነገር ግን ብዙ ሰው ሐይቅ ዳር ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ዕድል አይደለም። ዓሣው እንደ ወቅቱ ቦታ ይቀያይራል፤ አጥማጁ ግን ባለፈው የቀናው ቦታ ላይ ድርቅ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን መውጣት ነው። የዎልአይ ዓይን ውስጥ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ። ስለዚህ በድንግዝግዝ ጥሩ አድርጎ ያያል። የሚያድነው ፐርች የተባለው ትንሽ ዓሣ ግን ሲመሽ ማየት ያቅተዋል። ዎልአይ የሚበላው እንግዲህ ያኔ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅና ከመሸ በኋላ ሞክሩ። የግድ ቀን መውጣት ካለባችሁ ደመናማ ቀን ምረጡ። ነፋስንም አትሽሹት። መጠነኛ ሞገድ የፀሐዩን ብርሃን ስለሚሰብረው ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል። ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ይሄ በጣም ያስፈልጋል። ዜብራ መስል የተባለው ባለ ዛጎል ወራሪ ፍጥረት ውሃውን እያጣራ አጥርቶታል።

ሁለተኛው፣ የማጥመድ ወቅቱ ሜይ አጋማሽ ላይ እንደተከፈተ ወደ ሐይቁ መሃል መቅዘፍ ነው። ዎልአይ እንቁላሉን የሚጥለው በረዶው እንደቀለጠ፣ ጠጠርና ድንጋይ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ሜይ ላይ ገና ከዚያ አልራቀም። ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጂጉን (ጫፉ ላይ ክብደት ያለውን መንጠቆ) በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ መንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ አድርጉ።

ጁላይና ኦገስት ላይ ደግሞ እዚያው ዳር መቆም አያዋጣም። የውሃ ሣሩ የሚያልቅበትን ጠርዝና መሃል ላይ ያለውን ድንጋያማ ጉብታ ፈትሹ። መንጠቆው ላይ የምታደርጉት ነገርም ይቀየር፤ አልቅትና ትልልቅ የምድር ትል በበጋ ይሻላሉ። ግን ከመጠን በላይ ጥልቅ አትሂዱ። በብዙ ሐይቆች የታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ በበጋ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ እዚያ መንጠቆ መጣል ጊዜ ማባከን ነው።

ሴፕቴምበር ሲገባ ዘንጉን ጋራዥ ውስጥ የሚሰቅሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ዎልአይ ለክረምቱ እየተዘጋጀ በደንብ የሚበላው በመጸው ነው። ትላልቆቹ የሚገኙትም ያኔ ነው።

በክረምት በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ሲጠመድ የሚሠራው ስህተት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ሌላ ሰው ቆሞበታል ብላችሁ አትግቡ። በእግር ለመሄድ ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረት ያስፈልገዋል። ነጭ በረዶ ከሆነ እጥፉን አስቡ። እየሄዳችሁ እየቆፈራችሁ ለኩ። ውሃ የሚፈስበት ጠባብ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳል።

ከ30 ጫማ በላይ ጥልቀት ያወጣችሁትን ዓሣ መልሶ መልቀቅም ብዙ ጊዜ አያድነውም። የግፊቱ ለውጥ ውስጡን ይጎዳዋል። የምትለቁ ከሆነ ከዚያ ባነሰ ጥልቀት አጥምዱ። ትላልቆቹ ብዙ እንቁላል የሚጥሉ እናቶች ናቸው፤ ሜርኩሪም ይበዛባቸዋል። በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ባሉበት ቤት ለምግብ መካከለኛውን ውሰዱ።

መንጠቆ ላይ የምታደርጉት ትንሽ ዓሣ፣ አልቅት ወይም ትል የተረፋችሁ እንደሆነ ሐይቅ ውስጥ አትድፉት፤ ሕገወጥ ነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይግባ። ጀልባውንም በመኪና ጎትታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ጨርሳችሁ አፍስሱ።