107 ነው ወይስ 170? ሯጮችን በስልክ ስለመመዝገብ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤቶች የጎዳና ሩጫ ሲኖር መነሻው ላይም መድረሻው ላይም አታገኙኝም። የእኔ ቦታ ከከተማ ወጣ ብሎ በአንኮበር መንገድ፣ ባሕር ዛፎቹ ጥግ ነው። መቆጣጠሪያ ጣቢያ እንለዋለን። ሁለት ስልክ፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት እርሳስና ሦስት ተማሪዎች ይዤ እቆማለሁ።

በትልልቅ ውድድሮች ሯጩ ቺፕ የሚባል ትንሽ መለያ ይታሰርለታል። መስመሩ ላይ የተነጠፈውን የመመዝገቢያ ምንጣፍ ሲያልፍ ሰዓቱ ራሱ ይመዘገባል። እኛ ዘንድ ቺፕ የለም። ስልክ ግን አለ፤ በደንብ ከተያዘ ደግሞ ይበቃል። እንዴት እንደሚያዝ የተማርኩት ሰው አስለቅሼ ነው።

ነገሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጉም ወርዶ ነበር፤ ካፊያም ነበር። ብቻዬን ቆሜ የሚያልፈውን ሯጭ ቁጥር ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። አንድ በአንድ ሲመጡ ችግር አልነበረም። ከዚያ አምስት ሴቶች ተያይዘው መጡ። ስክሪኑ ረጥቦ ጣቴን አልቀበል አለ። የሁለተኛዋን ቁጥር ጽፌ ቀና ስል የሦስቱን ጀርባ ብቻ አየሁ። መድረሻው ላይ አንዷ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ "ቁጥርሽ ጣቢያው ላይ የለም፣ መንገድ ቆርጠሽ ነው የመጣሽው" ተባለች። ልጅቷ ሙሉውን ሮጣለች። ያዳናት አንድ ተማሪ ጓደኛውን ያነሳው ፎቶ ነው። ከጓደኛው ኋላ የእሷ ቁጥር ይነበባል፤ ፎቶው የተነሳበት ሰዓትም አብሮ አለ።

ጌጤ ዋሚ የተወለደችው ጫጫ ነው፤ እዚሁ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገድ ላይ። በ1999 እ.ኤ.አ. በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በርሊን ማራቶንን በ2006 እና በ2007 አሸንፋለች። ሴት ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። የአንድ እሑድ ጠዋት ውጤት ለእነሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ለእኔም አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማልለቀው ሕግ አንድ ነው። ሰዓት የሚይዘውና ቁጥር የሚጽፈው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ዓይን ሁለት ቦታ አያይም።

ሥራውን የምንከፋፈለው እንዲህ ነው። አንደኛው ተማሪ አንባቢ ነው። ከመስመሩ 15 እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ ይቆምና የሚመጣውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ናት። ዓይኗ ከደብተሩ አይነሳም፤ የሰማችውን ትጽፋለች። እኔ ስልኩን ይዤ መስመሩ ላይ እቆማለሁ። ሯጩ መስመሩን ሲያልፍ የስቶፕዋቹን ላፕ፣ ማለትም ሰዓቱ ሳይቆም ያቺን ቅጽበት የሚመዘግበውን ቁልፍ፣ እጫናለሁ፤ ሌላ ምንም አልሠራም። ሦስተኛው ተማሪ በሁለተኛው ስልክ ቪዲዮ ይቀርጻል።

ደብተሩ ቤት ነው የሚዘጋጀው። ከ1 ጀምሮ መስመሮቹን ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ስቶፕዋቹም ላፕ በተጫንኩ ቁጥር ራሱ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል። ስለዚህ የደብተሩ 38ኛ መስመርና የስልኩ 38ኛ ላፕ የአንድ ሰው ናቸው። ማታ ስናመሳክር የሚያስፈልገን ይህ ብቻ ነው። ሳላስበው ሁለት ጊዜ ከተጫንኩ "ባዶ!" እላለሁ፤ ጸሐፊዋ ያንን መስመር ባዶ ብላ ታልፈዋለች። ሳልጫን ሰው ካለፈኝ ደግሞ ወዲያው እጫንና "ዘግይቷል" አስጽፋለሁ። በየአስረኛው ሰው "ስንት ላይ ነሽ?" ብዬ እጠይቃለሁ። እሷ 40 ብላ ስልኩ 41 ካለ ስህተቱ እነዚህ አስር ሰዎች ውስጥ ነው ማለት ነው። መቶ ሰው ካለፈ በኋላ ከመፈለግ ይህ ይሻላል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። አማርኛችን በሩጫ መሐል ጆሮ ያታልላል። "መቶ ሰባት" እና "መቶ ሰባ" በነፋስ ውስጥ አንድ ናቸው። "መቶ ሠላሳ" እና "መቶ ስልሳም" እንደዚያው። አንዴ አንባቢዬ "ቲቸር፣ መቶ ሰባ...!" ብሎ ጮኸ፤ የቀረውን የአህያ ጋሪ ጩኸት ዋጠው። ጸሐፊዋ 170 ጻፈች። ያለፈው 107 ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥር በነጠላ በነጠላ ነው የሚነበበው። "አንድ፣ ዜሮ፣ ሰባት።" ጸሐፊዋም እየጻፈች ድምፅ አውጥታ ትደግመዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ሊከብዳቸው ይችላል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አስር ልጆች አሩጣችሁ አለማምዷቸው።

የሰዓት አቆጣጠር ሌላው ወጥመድ ነው። ስልኩ 07:42 ይላል፤ እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ42 እንላለን። ሩጫው 1 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ነገሩ ይብሳል። አንዱ 1:42 ብሎ የቀኑን ሰዓት ይጽፋል። መድረሻው ላይ ያለው ሰው ደግሞ "አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ሮጠ" ብሎ ያነበዋል። ልጁ የሮጠው 42 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያሉ መዝጋቢዎች ሁሉ ከተነሳበት ጀምሮ የሄደውን ጊዜ ብቻ እንዲጽፉ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የቀን ሰዓት ደብተር ላይ ባይገባ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ "ጣቢያው ላይ የቆመ ሰው መነሻውን እንዴት ያውቃል?" ትሉኝ ይሆናል። የተኩሱም የፊሽካውም ድምፅ እኔ ጋ አይደርስም። እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ወደ ጣቢያዬ ከመሄዴ በፊት መነሻው ላይ ካለው ሰዓት ያዥ ጋር ጎን ለጎን እንቆምና "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለን ሁለታችንም ስቶፕዋቻችንን እኩል እናስነሳለን። ከዚያ እኔ እሄዳለሁ። ሩጫው ሲጀመር እሱ ላፕ ይጫናል፤ ለምሳሌ 34:20 ላይ። እኔ ጋ አንዷ ሯጭ 1:16:33 ላይ ካለፈች 34:20 እቀንሳለሁ። 42:13 ይመጣል። መቀነሱ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ሻይ እየተጠጣ ነው የሚሠራው። መንገድ ላይ ሆናችሁ ሒሳብ አትሥሩ። የሰከንድ ክፍልፋይ ሲያጋጥማችሁ በጎዳና ሩጫ ደንብ በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ከፍ ይደረጋል። 42:12.3 ከሆነ 42:13 ብላችሁ ጻፉ።

ስልኩን ስታዘጋጁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ስቶፕዋቹ መሥራቱን አያቆምም። ላፕ ልትጫኑ ስትሉ ግን የአክስት ልጅ ደውሎ ስክሪኑን አይሸፍነውም። ስክሪኑ ራሱ እንዳይጠፋም ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ጊዜውን አርዝሙ። የማቆሚያው ቁልፍ ከላፕ አጠገብ ስለሆነ አውራ ጣታችሁን ላፕ ላይ አሳርፋችሁ አታንሱ። በየሃያው ሰው ስክሪንሹት አንሱ፤ አንድ ሰው በስህተት ዜሮ ቢያደርገው ያለፈው አይጠፋም።

ብርዱን አትናቁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። በብርድ ባትሪ ቶሎ ይወርዳል። 40 ከመቶ እያለው የጠፋብኝ ስልክ አለ። አሁን ሩጫው እስኪደርስ ስልኮቹንም ፓወር ባንኩንም በጋቢዬ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ እይዛቸዋለሁ። ካፊያ ካለ ስክሪኑን የምንወለውልበት ደረቅ ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይኑር። ስክሪኑ ጨርሶ እምቢ ካለ ወደ ካሜራ ሂዱና በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ፎቶ አንሱ። ቁልፉ ርጥብ ጣትም ጓንትም አይመርጥም። ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ፎቶ ይበቃል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች የፎቶው ስም ራሱ ሰዓት ነው። 20250112_074213 ካለ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ማለት ነው። ያቺን ልጅ ያዳናት እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ቪዲዮው መጠባበቂያ ነው፤ ዋናው መዝገብ አይደለም። ሰው ሲግተለተል ግን ያለ እሱ አይሆንም። ቀራጩ መጀመሪያ የእኔን ስቶፕዋች ቀርቦ ይቀርጻል፤ ከዚያ ሳያቋርጥ ወደ መንገዱ ያዞረዋል። እንዲህ ከሆነ ቪዲዮው ውስጥ የሚያልፍ ሁሉ ሰዓቱ ይታወቃል። ስልኩ በደረት ቁመት፣ ከፊት ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይቁም። ጥራቱን ወደ 720 አውርዱት። በከፍተኛ ጥራት አንድ ደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ስልኩ ሞልቶ በመሐል ይቆማል። ከአንድ ቀን በፊት ማኅደሩን አራግፉ።

ቦታ መምረጥ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እኔ ትንሽ ዳገት እመርጣለሁ፤ ሯጮቹ ይቀንሳሉ፣ ይበታተናሉም። ፀሐይም ትታሰብ። አንኮበር ከእኛ በስተምሥራቅ ነው። ሯጮቹ ከከተማ ሲወጡ የጠዋት ፀሐይ ደረታቸው ላይ ታርፋለች፤ ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል። ሲመለሱ ፀሐይዋ ከኋላቸው ትሆንና አንባቢው ዓይኑ ይጭበረበራል። ለመመለሻው ዛፎቹ ጥላ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ባርኔጣም ይዞ ይመጣል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ቁጥራቸውን በሹራብ ይሸፍኑታል። አንባቢው ከሩቁ "ቁጥርሽን! ቁጥርህን!" እያለ ያስገልጣቸዋል።

እሑድ ነውና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ይቆማል፣ በግም ይሻገራል። ባለፈው አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ካሜራው ፊት ቆሙ። "አባባ፣ ትንሽ ወደዚህ ይሁኑልን፣ የልጆቹ ቁጥር እንዳይሸፈን" አልኳቸው። "ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ልጄ" ብለው በጎቹንም ሰዎቹንም ሲመልሱልን አረፈዱ። ሰው ሲነገረው ይረዳል። ቀድማችሁ ንገሩ።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ግን ለመጨረሻዎቹ ነው። መቆጣጠሪያ ጣቢያ ሌባ መያዣ ብቻ አይደለም። ማን መንገድ ላይ እንደቀረ የሚታወቀውም በእሱ ነው። ከእኔ በፊት ባለው ጣቢያ 83 ልጆች አልፈው እኔ ጋ 82 ከደረሱ አንድ ልጅ የሆነ ቦታ ተቀምጣለች ወይም ወድቃለች። ያቋረጠ ልጅ ካለ ቁጥሩን፣ ያቋረጠበትን ቦታና ማን እንደወሰደው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ለብቻው እንጽፋለን። ቁጥሩ እስኪገጥም ማንም ከጣቢያው አይነሳም።

ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ኤርፕሌን ሞዱን የማጠፋው። ኢንተርኔቱ ከከተማ ውጪ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ያልፋል። መጀመሪያ ያለፉትንና ያቋረጡትን ብዛት በመልእክት እልካለሁ። ከዚያ የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ። የሯጮቹን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ "ፋይል" ብላችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ውስጡ ያለው የሰዓት መረጃም ይጠፋል።

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ቪዲዮውን አንድ ሳምንት አቆየዋለሁ። ቅሬታ ያለው ልጅ ይምጣ፤ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን። ሳምንቱ ሲያልቅ አጠፋዋለሁ፤ የልጆች ፊት ነውና በየስልኩ መዞር የለበትም። ደብተሩን አልጥልም። አምስቱ ደብተሮች ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። የመጀመሪያው ላይ የዚያ የካፊያ ቀን የስልኬ ዝርዝር ተገልብጧል፤ የጎደሉት የሦስቱ ሴቶች ቁጥርም በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ገብቷል።