ወደ ከባዱ ሮክ ሲመለሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዓመታት በሆቴልና በሰርግ ለስላሳ ዘፈን ሲጫወት የኖረ ባንድ ወደ ጥንቱ ሃርድ ሮክ ልመለስ ሲል ደስ ይለኛል። ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ ቤት ተከራይቶ ልምምድ ሲጀምር ግን ከባድ ድምፅ ጩኸት ይመስለዋል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

የአሜሪካኑን የከባድ ሮክ ባንድ ሜታሊካን እዩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዘብ ካለ በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ‹ዴዝ ማግኔቲክ› በተባለው አልበም ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ተመለሰ። ቅጂው ግን ከልክ በላይ ስለጮኸ አድማጮች ሚክሱ (የመሣሪያዎቹ ድምፅ ቅንብር) እንደገና ይሠራልን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ሁሉም መሣሪያ ባንዴ ሲጮህ ድራሙ የሚመታበት ቦታ ያጣል። ጊታሩ በየመሃሉ ዝም ይበልለት።

ሌላው፣ ድምፁ ዝቅ እንዲል ብሎ ሳያስቡ የጊታር ክር ማላላት ነው። የእንግሊዙ ባንድ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። ቀጭን ክር የመረጠውና ያላላውም ለጣቱ እንዲቀለው ነው። ጣታችሁ ደህና ከሆነ ወፍራም ክር ግዙ። አለዚያ ክሩ ይልፈሰፈሳል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ከቃናው ይወጣል። ዝቅ ብሎ መቃኘት ዕድሜው ለገፋ ድምፃዊም ይረዳል።

የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ዲስቶርሽንም ቀንሱ። ክብደቱን ቤዙና ድራሙ ይሸከሙት።

የብሎኬት ቤት ውስጥ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ጥግ ላይ አታስቀምጡ። ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልኩ ያገነዋል፤ ስቱዲዮ ስትገቡ ሳስቶ ታገኙታላችሁ። ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ መስቀል ቀጭኑን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ቤዙ ጎረቤት እንዳይደርስ አያግድም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በሰዓት ተስማሙ። ሰፈር ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ከተተከለ ልምምዱ ይቅር፤ ይሄ አያከራክርም። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር ምንም አትሰኩ።

እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሄቪ ለመሆን ብሎ የአገርን ቅኝት መተው ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የብላክ ሳባዝን ስም የያዘው ዘፈን የሚያስፈራው በሁለት ቃናዎች መካከል ባለ የስድስት ግማሽ ቶን ርቀት ነው፤ ግማሽ ቶን ማለት ጊታር አንገት ላይ አንድ እርከን ነው። አንቺ ሆዬ ላይ ከመነሻው እስከ አራተኛው ቃና ቁጠሩ፤ ያው ርቀት ነው! ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ‹ኤርታሌ› በተሰኘው አልበሙ ሮክና የኛ ዜማ አብረው እንደሚሄዱ አሳይቷል። ጨለም ያለ ሪፍ (ተደጋጋሚ አጭር የጊታር ሐረግ) ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ቤዙና ጊታሩ እነዚያን ሁለት ቃናዎች አብረው፣ ቀስ ብለው ይምቷቸው፤ ድራሙ ከኋላ ይግባ።