የቀጠሮ ሰዓቶችን ዝርዝር በጃቫስክሪፕት እንዴት ማውጣት ይቻላል?

የክሊኒክ ቀጠሮ ገጽ እየሠሩ ነው እንበል። ሥራ በ08:30 ተጀምሮ በ17:00 ያበቃል፤ ለአንድ ታካሚ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ ምሳ ከ12:30 እስከ 13:30 ነው። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 20 ደቂቃ የተቀየረ ዕለት ግን ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

1. ሁሉንም ወደ ደቂቃ ይለውጡ። ከእኩለ ሌሊት ሲቆጠር 08:30 ማለት 8 ጊዜ 60 ሲደመር 30፣ ማለትም 510 ነው፤ 17:00 ደግሞ 1020። የዴት ኦብጀክት (የጃቫስክሪፕት የቀንና የሰዓት መያዣ) እዚህ ጣጣው ይበዛል። አንዱን ኦብጀክት እየቀያየሩ አሬይ (የዝርዝር መያዣ) ውስጥ ከከተቱት ዝርዝሩ በሙሉ የመጨረሻውን ሰዓት ይደጋግማል። ገጹ አሜሪካ ውስጥ ሲከፈት ደግሞ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ ከ02:00 እስከ 03:00 ያለው ሰዓት በአብዛኛው አገሩ ጭራሽ የለም።

2. ሉፑን (እየደጋገመ የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ከ510 ያስነሡና 30 እየደመሩ ይሂዱ። ማቆሚያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «መነሻው ከ1020 ካነሰ» የሚለው ለ30 ደቂቃ ይሠራል፤ ለ40 ደቂቃ ግን የመጨረሻው ቀጠሮ በ990 ጀምሮ በ1030 ያልቃል፣ ክሊኒኩ ከተዘጋ 10 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። ትክክለኛው «መነሻው ሲደመር ርዝመቱ ከ1020 ካልበለጠ» ነው። በ30 ደቂቃ 17 ቀጠሮ ይወጣል።

3. ምሳን ይዝለሉ። መነሻው ከ810 (13:30) ያነሰ፣ ማብቂያው ደግሞ ከ750 (12:30) የበለጠ ቀጠሮ ሁሉ ይወድቃል። 15 ይቀራል።

4. ወደ ሰዓት ይመልሱ። ለ60 ሲካፈል ሙሉው ቁጥር ሰዓቱ፣ ቀሪው ደቂቃው ነው። ሁለቱንም በፓድስታርት (ከፊት ዜሮ በሚሞላው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) ሁለት አሃዝ ያድርጓቸው፤ አለዚያ 09:05 የሚለው 9:5 ሆኖ ይታያል።

5. ለአገር ቤት ተጠቃሚ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳዩ። ሰዓቱ ላይ 6 ደምረው ለ12 ሲያካፍሉ የሚተርፈውን ይውሰዱ፤ የሚተርፈው 0 ከሆነ 12 ይበሉት። 08:30 «ጠዋት 2:30» ይሆናል። 6 መቀነስም ያው ይመስላል፤ ነገር ግን ጃቫስክሪፕት 05:00 ላይ ቀሪውን ከዜሮ በታች፣ -1 ብሎ ይሰጣል። የኢትዮጵያ አቆጣጠሩ ለዓይን ብቻ ነው፤ ወደ ሰርቨር የሚላከው 08:30 ራሱ ይሁን። 2:30 ብሎ የተቀመጠ ቀጠሮ ሌሊት ተብሎ ይነበባል።

ካልሠራ እነዚህን ይፈትሹ። ከፎርም የመጣ ቁጥር ጽሑፍ ስለሆነ 510 ላይ 30 ሲደመር 51030 ይሆናል፤ አስቀድመው ወደ ቁጥር ይለውጡት። ልዩነቱ 0 ከሆነ ሉፑ አያቆምም፣ ብራውዘሩም ይደርቃል። ለሌሊት ተረኛ ከ22:00 እስከ 02:00 ቢሉ ዝርዝሩ ባዶ ይወጣል፤ ማብቂያው ላይ 1440 ይደምሩ፣ ሲያሳዩ ደግሞ ለ1440 አካፍለው ቀሪውን ይውሰዱ። በኤችቲኤምኤል የሰዓት ሳጥን ላይ ያለው ስቴፕ (በስንት ልዩነት እንደሚሄድ የሚወስነው ቅንብር) የሚቆጥረው በሰከንድ ነው፦ ለ30 ደቂቃ 1800 ይጻፉ።