የፕሌይስቴሽን 1 ዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል እንቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈን ያደግን ልጆች ግራጫዋን ፕሌይስቴሽን 1 መቼም አንረሳትም። በፈረንጆቹ 1994 ጃፓን ላይ የወጣች ናት፣ የኔዋ እስካሁን ትሰራለች፣ ከጀርባዋ ባለችው ባለ 8 ፒን ሲሪያል ጃክ ራሴ የምጽፋቸውን ትንንሽ ጌሞች ከላፕቶፕ እልክባታለሁ (ኋላ የመጣችው ትንሿ ነጭ ፒኤስ ዋን ላይ ይቺ ጃክ የለችም፣ አትድከሙ)። የድሮው ኬብሌ በማክስ 232 ቺፕ (የኮምፒውተሩን ሲሪያል ቮልቴጅ የሚቀይር) የተሰራ ነበር፣ እሱን ፈትቼ በዩኤስቢ ቲቲኤል ቦርድ (ዩኤስቢን ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲሪያል የሚቀይር ትንሽ ቦርድ) እንደ አዲስ ሰራሁት፣ መንገድ ላይ ያጋጠመኝን ነው የምጽፍላችሁ።

ምንም አይልክም፣ ዝም ነው። መጀመሪያ ኮንሶሉን (ፕሌይስቴሽኗን) ተዉትና ቦርዱን ብቻውን ሞክሩት። የቦርዱን ቲኤክስ (የሚልክበት ፒን) እና አርኤክስ (የሚቀበልበት ፒን) በአንድ ሽቦ አገናኙ፣ ፑቲ (በሲሪያል መጻፊያ ፕሮግራም) ክፈቱና ጻፉ፣ የጻፋችሁት ፊደል ተመልሶ ከመጣ ቦርዱም ድራይቨሩም ደህና ነው፣ ካልመጣ ችግሩ ገና ኮንሶሉ ጋ አልደረሰም።

ቦርዱ ደህና ከሆነ ቮልቴጁን እዩ፣ እባካችሁ ይቺን አትዝለሉ። ባለ 9 ፒን ጫፍ ያለው የዩኤስቢ ገመድ የሚያወጣው አርኤስ 232 የሚባለውን የድሮ ሲሪያል ደረጃ ነው፣ እሱ ደሞ ከ3 እስከ 15 ቮልት በፕላስም በማይነስም የሚሄድ፣ ሲግናሉም የተገለበጠ ነው፣ ኮንሶሉ ግን የሚያውቀው 3 ቮልት ተኩል አካባቢ ነው። ማክስ 232 ደሞ በ5 ቮልት ስለሚሰራ ወደ ኮንሶሉ የሚልከው 5 ነው፣ እኔ የድሮውን ኬብል የፈታሁት ለዚ ነው። አዲሱ ላይ ቦርዱን ገዝቼ ጃምፐሩን (ቮልቴጅ መምረጫዋን ትንሽ መሰኪያ) 3.3 ላይ አደረኩት፣ ከመበየዴ በፊት ቴስተሩን ጥቁሩን ግራውንድ (የጋራው ማይነስ) ቀዩን ቲኤክስ ላይ ሳስነካው 4.9 አነበበ! ለካ ጃምፐሩ የሚቀይረው የቪሲሲዋን (ፓወር የምታወጣዋን) ፒን ብቻ ነው። ምንም በማይላክበት ሰዓት ቲኤክስ ሃይ (ከፍተኛው ቮልቴጅ) ላይ ስለሚቆም በተራ ቴስተር ይነበባል፣ ስለዚ ጃምፐሩን ሳይሆን ቴስተሩን እመኑ። 5 አካባቢ ካነበበ ከቲኤክሱ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ከዛ 2 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አድርጉ፣ ከሁለቱ መሀል 3.3 ታገኛላችሁ፣ ወደ ኮንሶሉ የሚሄደው እሱ ነው። የኮንሶሉ ቦርድ ከተቃጠለ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። የኮንሶሉን ቪሲሲ ደሞ ከቦርዱ ቪሲሲ ጋር በፍጹም አታገናኙ፣ ባዶ ተዉት።

ይልካል ግን የሚደርሰው ዝብርቅርቅ ነው። ብዙ ሰው የኮንሶሉ ሰዓት (ፍጥነቱን የሚወስነው ክሎክ) ተዛብቷል ይላል፣ ግን የፕሌይስቴሽን 1 ክሎክ 33.8688 ሜጋኸርዝ ነው፣ ለ294 ሲካፈል ልክ 115200 (በሰከንድ የሚላከው ቢት) ይመጣል፣ ምንም ትርፍ የለውም። ስለዚ በሁለቱም በኩል ፍጥነቱ አንድ መሆኑን አረጋግጡና ወደ ግራውንዱ ሂዱ። የኔ ኬብል ደሴ ላይ በሰላም ሲሰራ ከርሞ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቤት ስሰካው ዝብርቅርቅ ብቻ ሆነ። በስልክ ካሜራ አጉልተን ስናየው የግራውንዱ ሊድ (የተበየደበት ብረት) ደብዝዞ ሽቦው ዙሪያ ፀጉር የምታክል ቀለበት ተሰንጥቃለች፣ ገመዱን ሲያጣጥፉት ይነካል፣ ሲለቁት ይለቃል። መፍትሄው አሮጌውን ሊድ አንስቶ በፍለክስ (ሊዱን በደንብ የሚያስይዝ ቅባት) እንደገና መበየድ ነው፣ ሊዱ እስኪጠነክር ድረስ ሽቦው አይነቃነቅ። አሁን የሰራሁት ላይ ገመዱን ጃኩ ውስጥ በትኩስ ሙጫ ይዤዋለሁ፣ ጉተታው ብየዳው ላይ አያርፍም። ርዝመቱንም ወደ 1 ሜትር አሳጠርኩት።

ኮንሶሉ ይቀበላል ግን አይመልስም። ያኔ ወይ ከኮንሶሉ ቲኤክስ ወደ ቦርዱ አርኤክስ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ ሲቲኤስ (ላክ የሚል ፈቃድ የሚገባበት ፒን) ነው። ኮንሶሉ መረጃ የሚያወጣው ሲቲኤስ ላክ ሲለው ነው፣ ባለ 3 ሽቦ ኬብል (ቲኤክስ፣ አርኤክስና ግራውንድ ብቻ) ላይ ደሞ የሚለው የለም። ኮንሶሉ ጫፍ ላይ የራሱን አርቲኤስ (ላክ የሚል ምልክት የሚያወጣበት ፒን) ከሲቲኤሱ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙት፣ ዲቲአርን ከዲኤስአር ጋር (ዝግጁ ነኝ የሚባባሉባቸው ፒኖች) እንደዛው።

ዩኤስቢው ተሰክቶ ኮንሶሉ ሲከፈት አልነሳ ካለ ደሞ ቲኤክሱ ኮንሶሉ ጠፍቶ እያለ በጎን ኤሌክትሪክ እየመገበው ነው። 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ አስገቡ፣ ከላይ ያልኳችሁን ቀድማችሁ አስገብታችሁ ከሆነ እሱ ይበቃል፣ መጀመሪያ ኮንሶሉን አብሩ ከዛ ዩኤስቢውን ሰኩ።

የመጨረሻው፣ ጃኩን ስትነኩ ቀስ ብሎ ይነዝራል። ሶኬቶቻችን ብዙዎቹ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) የላቸውም፣ የቲቪውና የቻርጀሩ ፓወር ትንሽ ከረንት ወደ ብረቱ ያሳልፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይጎዳም ግን የዳታው ሽቦ ከግራውንዱ ቀድሞ ከነካ ፒኑን ሊያቃጥለው ይችላል። ሁሉንም ከዲቫይደሩ ነቅላችሁ ገመዱን ኮንሶሉ ላይ ሰኩ፣ ከዛ አብሩ፣ ላፕቶፑን በባትሪ ስሩ። የኮንሶሉን 2 ሜጋባይት ራም ሙሉውን በ115200 ለመላክ እንኳ 3 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አብሽሩ፣ ባትሪው ይበቃል።