የዌንዴል ስኮትን የውድድር መዝገብ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ስለ አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ስቶክ ካር (በመደበኛ መኪና መልክ በተሠሩ መኪኖች የሚደረግ እሽቅድምድም) ተወዳዳሪ ለማወቅ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። የዌንዴል ስኮት ሠንጠረዥ በናስካር (እነዚህን ውድድሮች በሚመራው ድርጅት) ዋናው ምድብ 495 ውድድር፣ 1 ድል ይላል። እዚህ ላይ የቆመ አንባቢ ሰውየውን ከተራዎቹ ተርታ መድቦ ያልፋል፤ ስለዚህ ንባቡን ከድል ዓምድ አለመጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ መታየት ያለበት ከ1ኛ እስከ 10ኛ የወጣበት ብዛት ሲሆን፣ ይህም 147 ነው። ስኮት ያገለገለ መኪና ገዝቶ፣ ራሱ መካኒክ ሆኖ፣ ልጆቹን ረዳት አድርጎ የመኪና ፋብሪካዎች ከሚደግፏቸው ቡድኖች ጋር ይወዳደር ነበር። ሞተሩ ቢቃጠል የሚተካለት ስለሌለ ሩጫውን መጨረስ ለእርሱ የሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ነበር። በ1966 በአጠቃላይ ነጥብ 6ኛ የወጣው አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ነው። ነጥብና ድል በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደሚለያዩ 1954ን ማየት ይበቃል፦ ኸርብ ቶማስ 12 ጊዜ አሸንፎ፣ ሻምፒዮን የሆነው 7 ጊዜ ያሸነፈው ሊ ፔቲ ነው።

ቀጥሎ ቀኑን ከውድድር ዘመኑ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የ1964 የውድድር ዘመን የተጀመረው በኅዳር 1963 ስለሆነ፣ ስኮት ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ያገኘውን ድል በ1963 ሠንጠረዥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ይህ ድል ራሱ ዝርዝር ንባብ ይፈልጋል። ያኔ ዙር የሚቆጠረው በእጅ ነበር፤ ለየመኪናው የተመደበ ቆጣሪ መኪናው ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን በካርድ ላይ ይጽፋል። በጃክሰንቪል የአፈር መም ግማሽ ማይል፣ ውድድሩም 200 ዙር ነበር። ስኮት ዙሩን ቢጨርስም የማብቂያው ባንዲራ አልተውለበለበለትም፤ አሸናፊ የተባለውና ዋንጫውን የወሰደው ባክ ቤከር ነው። ካርዶቹ እንደገና ተመርምረው ስኮት በ2 ዙር ይመራ እንደነበር የታወቀው ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ነው። አዘጋጆቹ የቆጠራ ስህተት ነው አሉ፤ ስኮት ግን ጥቁር ተወዳዳሪ በነጭ ተመልካች ፊት ዋንጫ እንዳይቀበል ሆን ተብሎ እንደተደረገ ያምን ነበር። በግሌ የእርሱ እምነት ይበልጥ ያሳምነኛል። ቤተሰቡ ዋንጫውን ከናስካር የተረከበው በ2021፣ ስኮት ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ በዕለቱ የተነገረን ውጤት ብቻ ይዞ መጻፍ ያሳስታል፤ ኋላ ከጸደቀው ውጤት ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት። በ1959 በመጀመሪያው የዴይቶና 500 ውድድር በዕለቱ አሸናፊ የተባለው ጆኒ ቦሻም ነበር፤ ፎቶና ፊልም ከተመረመረ በኋላ በ3ኛው ቀን ድሉ ለሊ ፔቲ ሆነ። በዚያው ዓመት በአትላንታ፣ ሌክዉድ በተባለው መም ደግሞ የሊ ልጅ ሪቻርድ አሸነፈ ሲባል አባትየው ሊ አቤቱታ አቅርቦ ድሉን ከገዛ ልጁ ወስዷል!

ሠንጠረዡ የማይዘው የጅማሬው ነገር ነው። ስኮት በዳንቪል፣ ቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ የተጠመቀ ውስኪ በመኪና ያመላልስ ነበር፤ በ1952 የአካባቢው አዘጋጆች ተመልካች የሚስብ ጥቁር ተወዳዳሪ ሲፈልጉ ፈጣኑን ውስኪ አመላላሽ የጠየቁት ፖሊሶቹን ነው፤ እነርሱም ስኮትን ጠቆሙ። የናስካር ዋናው ምድብ መዝገቡ ግን የሚጀምረው መጋቢት 4 ቀን 1961 በስፓርታንበርግ ነው።

መጨረሻውም በጥንቃቄ ይነበብ። በ1973 ታላዴጋ በተባለው መም ላይ ብዙ መኪኖች በተጋጩበት አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ነገር ግን የመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ታላዴጋ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሻርሎት ላይ ተመልሶ፣ 12ኛ ወጥቷል።