«ጠቅ» ብሎ የሚቀረው ሞተሪኖ

የአባቴን አሮጌ ሞተር ሳይክል በእግር እየመታሁ ማስነሣት ጉልበቴን ስለጎዳው፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ሞተሪኖ፣ ማለትም በባትሪ ኃይል ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣ መሣሪያ፣ ልገጥምለት ወሰንኩ። ነባሩ የኤሌክትሪክ መስመር ባለ 6 ቮልት ስለነበር ዲናሞውን፣ ባትሪውንና አምፖሎቹን በሙሉ ወደ 12 ቮልት ቀየርኩ፤ ይህ አድካሚ እንጂ አስቸጋሪ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን ሪሌው (የባትሪውን ኃይል ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) «ጠቅ» ይላል፣ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም። ያማከርኳቸው ሁሉ ባትሪውን ወቀሱ፤ እኔም የድሬ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ስለማውቅ ሌላ ልገዛ ተነሥቼ ነበር። ሆኖም በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ስለካው ማስነሻው ሳይነካ 12.6፣ ተጭኖም ከ11 በላይ ቮልት አሳየኝ። ስለዚህ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ገላ ላይ ይዤ ወንድሜን ማስነሻውን እንዲጫን አዘዝኩት፤ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የማይገባው ንባብ 3 ሆኖ ተገኘ። ይህም ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ገላ ወደ ባትሪው በሚመለስበት መንገድ ላይ እንቅፋት አለ ማለት ነው።

ጥፋቱ የራሴው ነበር፦ አምና ሻሲውን አሳምሬ ስቀባ የማሳው ገመድ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሻሲው ብረት ጋር የሚያገናኘው) የሚታሰርበትን ቦታ ጭምር ቀብቼዋለሁ። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፤ ከባትሪው ኔጋቲቭም በቀጥታ ወደ ሞተሩ ቡሎን 16 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ወፍራም ገመድ ዘረጋሁ፤ ካጠበቅሁት በኋላም ዝገት እንዳይዘው ከላይ ግሪስ ቀባሁት። ንባቡ ወደ 0.2 ወረደ፣ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። የእግር ማስነሻውን ግን አልነቀልኩትም፤ ባትሪው የደከመ ዕለት ያስፈልገኛል።